መርዶ ያቆየሁባት ልጅ

ያስተማርኳቸው ልጆች ሠርግ ላይ ሲገናኙ የእኔን ክፋት እያነሱ ይስቃሉ። አንዷ "እኔን እኮ 'አንገትሽ ትከሻሽ ውስጥ ገብቷል፤ ፈልገሽ አምጪው' ብላኛለች" ትላለች። ሌላዋ ቀበል አድርጋ "ያንቺ ምን አላት! እኔን 'አንቺ ስትዘዪ ሰፈሩ ቤት የሚፈርስ ይመስለዋል' ብላኝ አንድ ሳምንት አልቅሻለሁ" ትላለች። ከዚያ ከት ብለው ይስቁና "ግን እሷ ባትኖር የት እንደርስ ነበር?" ብለው ይመርቁኛል። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ጠላዬን እጠጣለሁ። የሚሉት ሁሉ እውነት ነው፤ ብያለሁ። አንዱም አይጸጽተኝም። የሚጸጽተኝ ሌላ ነው፤ እሱን ደግሞ አንዳቸውም አያውቁትም።

የተወለድኩት ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። ወታደር የነበረ አጎቴ በልጅነቴ አዲስ አበባ ወሰደኝ። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ስዘል ያዩኝ ሰዎች እግሬን ለክተው፣ ወገቤን አጉብጠው፣ ጥርሴን ሳይቀር ከፍተው አዩኝና በሬ እንደሚገዛ ሰው ተመካክረው ወደ ሶቪየት ኅብረት ላኩኝ። ገና አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እዚያ ዘጠኝ ዓመት ባሌት ተማርኩ፤ ጥቂት ዓመትም መድረክ ላይ ሠራሁ።

ያስተማረችኝ አሮጊት ቀጭን ዱላ ነበራት። ባሌት ላይ ሥራው የእግር ነው፤ ትከሻ ወርዶ፣ ዝም ብሎ፣ እንደሌለ ሆኖ መቀመጥ አለበት። የእኔ ትከሻ ግን ጎጃሜ ነው፤ ሙዚቃ ሲሰማ መቀመጥ አያውቅም። አሮጊቷ ከኋላዬ ትመጣና በሁለት አውራ ጣቶቿ ትከሻዬን ቁልቁል እየተጫነች "ይህን ነገር ግደዪው" ትለኝ ነበር። ሦስት ዓመት ፈጀብኝ እንጂ ገደልኩት። ከዚያ በኋላ ባለ ዱላዋ ራሷ "ጎበዝ" አለችኝ፤ እኔም በደስታ አለቀስኩ። ምን ዓይነት ጅል ነበርኩ!

አገሬ ስገባ ደርግ ወደቀ። አዲሶቹ ሹማምንት ፋይሌን አገላበጡና "ባሌት ምንድን ነው?" አሉኝ። ጫማዬን አውልቄ በእግሬ ጣት ጫፍ ቆሜ አሳየኋቸው። አንደኛው ሳቁን ዋጥ አድርጎ "የትውልድ ቦታሽ የት ነው?" አለኝ። ምዕራብ ጎጃም አልኩት። "በይ እንግዲህ፣ እዚያው ሕዝብሽን አገልግዪ" ተባልኩና የዞኑን የባህል ቡድን እንዳሠለጥን ፍኖተ ሰላም ተመደብኩ።

በመጣሁ በወሩ ጎረቤቴ ልጇን ዳረችና ዳሱ ውስጥ ገፍተው አስገቡኝ። "የውጭ አገሯ ጨፋሪ መጣች!" እያሉ ክብ ሠሩልኝ። ከበሮው ሲመታ ትከሻዬን ጠራሁት፤ አልመጣም። እግሬ ብቻ ወዲያ ወዲህ አለ፣ አንገቴ ተገተረ። አንዲት ባልቴት "ኧረ ተዉአት፣ ይቺማ ኪዳን እያደረሰች ነው" አሉና ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ቤቴ ገብቼ መስተዋት ፊት ቆሜ ራሴን በጥፊ አጮልኩት። እስክስታ የማትችል የጎጃም ልጅ፣ ጎጃሜዎችን እስክስታ ልታስተምር ደመወዝ ትበላለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ትከሻ ያለው ሰው ሳይ ውስጤ ይበግናል።

የተሰጠን አዳራሽ የድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ግድግዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር የባሕር ዛፍ አጣና አስመታሁ። ልጆቹ እሱን ይዘው ጉልበታቸውን እያጠፉ እየዘረጉ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይቆማሉ። "ቲቸር፣ እስክስታ መቼ ነው የምንጀምረው?" ሲሉኝ "እግር ስታወጡ" እላቸዋለሁ። ትከሻውን ከእናቶቻቸው ይዘው መጥተዋል፤ እኔ የምጨምርላቸው እግር፣ ትንፋሽና ቀጥ ያለ ወገብ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ስለሆነ መውደቅም አስተማርኳቸው። መጀመሪያ ዳሌ፣ ቀጥሎ ክርን፣ ቀጥሎ ትከሻ፤ ጉልበት መሬት አይነካም። ይህን በቀን አርባ ጊዜ አስወድቄያቸዋለሁ። ተኝተው እንኳ ከአልጋ ቢወድቁ እንደዚያ ነው የሚወድቁት።

ሕጌ አንድ ነበር። አንድ ቀን የቀረች ልጅ ቦታዋን ታጣለች፤ ከኋላዋ ያለችው ወደ ፊት ትመጣለች። ታመምኩ፣ ተላክሁ፣ ዘመድ ሞተብኝ የሚባል ነገር አልሰማም። አንዲት ልጅ ከአያቷ ቀብር ተመልሳ ቦታዋ ላይ ሌላ ቆማ ስታገኝ አለቀሰች። "አያትሽ ተቀብረዋል፤ ቦታሽም ተቀብሯል" አልኳት። ልጆቹ ሁሉ እዚያው ቆመው ሰምተውኛል። የቢሮ ኃላፊያችን ሳይቀር ይፈራኝ ነበር፤ አንድ ቀን ብቻ ጭንቅላቱን በበር አስግጎ "ዘፈኑ ላይ ልማት የሚል ነገር ይግባበት" አለኝና በሩን ሳይዘጋ ሄደ።

ያቺ ልጅ የመጣችው ከፈረስ ቤት በላይ ካለ ደጋ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ከአገሯ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ስንቋን እናቷ ትልክላታለች፤ ድንች፣ በሶ፣ የገብስ ቆሎ። መጀመሪያ ሳያት ቀጭንና ጥቁር፣ ተረከዟ የተሰነጣጠቀ፣ እግሯ ምኑም የማይረባ ልጅ ናት። ልመልሳት ስል ከበሮ መቺው ለጨዋታ ያህል መታ መታ አደረገ። ትከሻዋ ተነሳ። እኔ እንጃ፤ ምን ብዬ ልንገራችሁ? ሌሎቹ ልጆች ትከሻቸውን ይመታሉ፤ እሷን ትከሻዋ ነው የሚመታት። አንጀቴ ቅጥል አለ።

ሁለት ዓመት አሠቃየኋት። እግሯን ከባዶ ሠራሁት። አጣናው ላይ እንቅልፍ ሲወስዳት ተረከዟን በማስመሪያ እመታለሁ። "ደጋ ላይ ድንች ስትቆፍሪ ነው የሚያምርብሽ" እላታለሁ። አንዴም አልመለሰችልኝም። "እሺ ቲቸር" ብቻ። በዓመቱ ፊት መስመር መሃል ላይ አቆምኳት። ያስነሳኋት ልጅ የነጋዴ ልጅ ነበረች፤ እግሯ የተስተካከለ፣ ሁሉን ነገር በትክክል የምትሠራ፣ ትከሻዋ ግን ትምህርት ትምህርት የሚሸት። ይህቺ ሁለተኛዋ አንድ ቀን ሳትቀር ከኋላ ቆማ መቅረቷን ትጠብቅ ነበር።

እናቷ አንድ ጊዜ ስንቅ ይዛ ራሷ መጣች። የመጋዘኑ በር ላይ ቆማ ልጇን ስትጨፍር አየች። ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ ብዙ ቆየችና ወደ እኔ ቀረብ አለች።

"እሜቴ፣ ይህ ነገር ከትምህርቱ ጋር ነው?"

"አዎ፣ ከትምህርቱ ጋር ነው" አልኳት።

"እንግዲያስ እኔ ምን አውቃለሁ። አደራዎን። አባቷ የለም፤ እሷው ናት ያለችኝ።" ዝቅ ብላ ጉልበቴን ልትስም ስትል ከለከልኳት። ጭፈራውን ለአባቷ ወገን እንዳልነገረችም በኋላ ገባኝ።

ከዚያ አዲስ አበባ ካለ አንድ ቲያትር ቤት ደብዳቤ መጣ። ባለሙያዎች ቡሬ መጥተው የዞኑን ቡድን ያያሉ፤ አንድ ጨፋሪ መርጠው በደመወዝ ይወስዳሉ። አንድ ብቻ። ልጆቹ ያን ሰሞን እንጀራ መብላት እንኳ ተዉ። እኔም ብሆን አቅሌን ስቼ ነበር። የእኔ ተማሪ እዚያ መድረክ ላይ ብትቆም "ማን አስተማራት?" መባሉ አይቀርማ! ፍኖተ ሰላም የጣሉኝ ሰዎች ስሜን ሲጠሩ ልሰማ ነው። ያለሁት ለዚያ ብቻ ይመስል ነበር።

ፈተናው ቅዳሜ ነው። ሐሙስ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ጋቢ የለበሰ፣ ጭቃ እስከ ባቱ የደረሰበት ሰውዬ ቆሟል፤ የልጅቷ አጎት፣ የአባቷ ወንድም መሆኑን ነገረኝ።

"እንዴት አደሩ እሜቴ። ልጅቱ ከእርስዎ እጅ ናት አሉኝ።"

"ደህና ናት፤ ምን ሆናችሁ?"

"ኧረ ደህና ነን። እናቷን ትንሽ አሟት ነበር።"

እኛ አገር ሰው አርባ ኪሎ ሜትር ተጉዞ መጥቶ "ትንሽ አሟት ነበር" ካለ ሌላ አይጠየቅም። "መቼ?" አልኩት።

"ማክሰኞ። ትናንት አሳረፍናት።" ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተቀመጠ። "እንግዲህ ነገ ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌም ቄስም ሰብሰብ ብለን መርዶውን እንነግራታለን ብለን ነው።"

ነገ ማለት ዓርብ ነው። "ነገ አይሆንም" አልኩ። አፌ ከእኔ ቀድሞ ነው የተናገረው። "ቅዳሜ ፈተና አለባት። የመንግሥት ፈተና ነው፤ ካለፈች ሥራ ትይዛለች።"

ሰውዬው አሰበ። እንዲህ ያለ ነገር ያለ ነው፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ የታመመ ከሆነ፣ ተማሪ ፈተና ላይ ከሆነ መርዶ ይቆያል። ማንም በክፉ አያየውም፤ እንዲያውም ሳያቆይ የነገረ ሰው ነው የሚወቀሰው። "ፈተና ከሆነማ..." አለ። "እርስዎ እንዳሉ። እሁድ ጠዋት እንምጣ።" ምን ፈተና እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። ቁርስ አቀረብኩለት። ወጡን ስጨልፍለት በርበሬው እንዳይበዛበት ጠይቄዋለሁ፤ እሱን አስታውሳለሁ።

ሐሙስና ዓርብ ከወትሮው ይልቅ ጨከንኩባት። ሳያት ፊቴ የሚያሳብቅብኝ እየመሰለኝ ጮህኩባት። "ምን ሆነሻል ዛሬ? ትከሻሽ እንቅልፍ ይዞታል!" ስላት "ምንም አልሆንኩም ቲቸር" አለችኝ። ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ፈተና የፈራች መሰለኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ "እሰይ፣ ምንም አልጠረጠረችም" አልኩ። አፈር ልብላ፣ እንዲህ ነው ያልኩት።

ቅዳሜ ቡሬ ገበያ ነበር። በርሜል ላይ ሳንቃ ተረብርቦ መድረክ ተሠራ። ከገበያው የሚመጣው የበርበሬ ብናኝ ልጆቹን ያስነጥሳቸዋል። ከአዲስ አበባ የመጡት ሦስት ናቸው፤ ሁለት ወንዶችና አንዲት መነጽር ያደረጉ ሴትዮ፤ ፊታቸው ላይ ድካም እንጂ ሌላ አይታይም። የመጀመሪያዎቹን ልጆች እያወሩ ነው ያዩዋቸው።

የእኔዋ መሃል ላይ ወጣች። ከበሮው ሲጀምር ዝም ብላ ቆመች። አንድ ምት አለፈ፤ ሁለት አለፈ። "ጠፋባት፣ ጉድ ሆንኩ!" ብዬ ከንፈሬን ነከስኩ። ከዚያ ትከሻዋ ተነሳ። እንዲያ ያለ ነገር ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። ጀመረችው፣ አፋፋመችው፣ እላዩ ላይ ሲደርስ ድንገት ቀጥ አደረገችው። ከበሮ መቺው ራሱ እጁን አንስቶ ቀረ። ገበያተኛው በሬውንም በጉንም ይዞ ዝም አለ። ከዚያ መልሳ ለቀቀችው፤ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር እየወጣ ይመስል ነበር። እግሯ ደግሞ ሁለት ዓመት የቀጠቀጥኩት እግሯ ታች ዝም ብሎ፣ ተስተካክሎ ይሸከማታል። ባለ መነጽሯ ሴትዮ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። እኔ ደስ ይበለኝ ወይስ ይክፋኝ አላወቅሁም። ይህን ዕድሜ ልኬን አልችለውም፤ ቢገድሉኝ አልችለውም፤ የማውቀው ያንን ብቻ ነው።

ሲያልቅ ሴትዮዋ ወደ ጎን ጠሩኝ። "ይህችን ልጅ ሰኞ ሳምንት ይዘዋት ይምጡ" አሉኝ። "ደብዳቤው እስኪደርስዎ ለማንም አይናገሩ፤ ሌሎቹ ልጆች ይከፋቸዋል።" እሺ አልኩ። ወዲያው ደግሞ የነገው መርዶ ትዝ አለኝ።

እሁድ ጎህ ሳይቀድ ግቢዬ ሞላ። አጎትየው፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንድ ቄስ፣ ጎረቤቶቼ ደግሞ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ልጅቷን "ቲቸር ትፈልግሻለች" ብለው ጠሯት። በሩን አልፋ ገባችና ሰዉን አየች። ቄሱ ሁላችንም መንገደኞች ስለመሆናችን ጀመሩ። እናትሽ የሚለው ቃል ጋ ሳይደርሱ ጮኸች። ጮኸችና ወደቀች።

ዳሌዋ፣ ክርኗ፣ ትከሻዋ። ጉልበቷ መሬት አልነካም።

ሴቶቹ ተሯሩጠው አቀፏት፤ ለቅሶው ቀለጠ። እኔ ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። መርዶ ሲነገራቸው ብዙ ሰዎች አይቻለሁ፤ እንደተቆረጠ ነው የሚወድቁት፤ ጥርሳቸው ይሰበራል፣ ግንባራቸው ይፈነከታል። ይቺ አዘጋጅታ ነው የወደቀችው። ሰዓቷን ጠብቃ፣ እንዲያውም ትንሽ ቀድማ። እንባዋ የእውነት ነበር፤ አወዳደቋ ግን የእኔ ነው። ታውቅ ነበር!

መኪና ተከራይተን ወደ አገሯ ወጣን። እሷ ከኋላ ከሽማግሌዎቹ ጋር፣ እኔ ከሹፌሩ ጎን። መንገዱን ሙሉ ስታለቅስ እሰማታለሁ። "ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?" የሚል ነገር ብቻ ነው አእምሮዬ ውስጥ የሚዞረው። እናቷ ትዝ አላለችኝም።

ለቅሶው ቤት ስንደርስ ወሬው ቀድሞናል። ቅዳሜ ቡሬ ገበያ የነበረ የመንደሩ ሰው ማታውን ገብቶ ያየውን ተናግሯል። የሟቿ ታላቅ እህት፣ የልጅቷ አክስት፣ ሐዘንተኛውን ሁሉ ሰንጥቀው መጥተው ፊት ለፊቴ ቆሙ። ድምፃቸውን አላነሱም።

"እንኳን ደህና መጡ እሜቴ። ጭፈራው እንዴት ነበር?"

እጄን ዘረጋሁ፤ አልጨበጡኝም።

"እህቴ አፈሯ ሳይደርቅ ልጇን በከበሮ አቆሙልን። ፈተና ነው ብለው አጎቷን አሞኙት። እኛ ደረታችንን ስንመታ የእሷ ልጅ ገበያ መሃል ትከሻዋን ትመታለች! እግዜር እንደ ሥራዎ ይክፈልዎ።"

ሴቶቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ልጅቷ ፊቷን ነጭታ መሃላቸው ተቀምጣለች። ቀና ብላ አየችኝ። አንድ ቃል ትበቃ ነበር፤ "እኔም ሰምቼ ነበር" ብትል። ዓይኗን መልሳ መሬት ላይ ጣለች። እኔም ልናገር እችል ነበር፤ ማን ያምነኛል? አንድ ሽማግሌ በጨዋ ደንብ "መንገዱ ክፉ ነው፣ ሳይመሽብዎ ቢነሱ" አሉኝ። ውጪ ማለት ነው። ብድግ አልኩ።

ልጅቷም ተነሳች። "ልሸኛቸው" አለች። አክስቷ "ምን ቆርጦሽ!" ሲሏት ሰማሁ፤ እሷ ግን ተከትላኝ እስከ አጥሩ ጫፍ መጣች። እዚያ ስንደርስ ዞር አልኩባት።

"መቼ ነው የሰማሽ?"

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

"አወዳደቅሽን አይቻለሁ። እኔን አታታልዪኝም።"

"ረቡዕ" አለች። "ገበያ ላይ አንዲት ያገራችን ሴት አቅፋኝ አለቀሰች። ያወቅሁ መስሏት ነው።"

ከእኔ በአንድ ቀን ቀድማ። እኔ ሐሙስና ዓርብ ስደብቃት እሷ ስትደብቀኝ ነበር። "ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርዎት ወደ አገሬ ይልኩኝ ነበር?"

ዓይኔን ወደ መኪናው አዞርኩ።

"ብሄድ ደግሞ ቦታዬን ለነጋዴው ልጅ ይሰጡብኝ ነበር" አለች። ፊቷ ላይ የነጨችው ቦታ ደም አዝሏል። "እናቴ እንደሆነች ረቡዕ ተቀብራለች።" ይህን ስትል ድምጿ የእኔን ድምፅ ነበር የሚመስለው። ከዚያ ወደ ለቅሶው ቤት ገልመጥ አለችና፣ ቀረብ ብላ፣ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ።

"ቲቸር፣ ውጤቱ ታወቀ?"

አሁን ያን ሰዓት ደጋግሜ ሳስበው፣ ሆዴ ውስጥ የነበረውን ለመለየት እሞክራለሁ። ከሰው መሃል እርግማን ስጠጣ ዝም ብላ ስላየችኝ ተናድጄ ነበር። ፈርቻትም ነበር። ከሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነው። እኔ መድረክ ላይ በቆምኩበት ዘመን ሁሉ ደከመኝ፣ አመመኝ፣ ናፈቀኝ እያልኩ አንድ ቀን እንኳ ሙሉ ሆኜ አልጨፈርኩም። ይቺ የደጋ ልጅ የእናቷን ሞት ሳይቀር ትከሻዋ ላይ አውጥታ ጨፈረችበት። ቀናሁባት። አንጀቴ እስኪቆረጥ ቀናሁባት።

"አላለፍሽም" አልኳት።

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። "ምኔን... ምኔን ጠሉት?"

"ትከሻሽ ከብዶ ነበር። ልብሽ ሌላ ቦታ እንደነበረ ያስታውቃል።"

ያን ጊዜ ወደቀች። በሁለት ጉልበቷ፣ ድንጋዩ ላይ፤ ስትወድቅ ድምፁን ሰማሁት። ከዚያ የወጣው ጩኸት ጠዋት ግቢዬ ውስጥ የሰማሁት ዓይነት አይደለም። ከለቅሶው ቤት ሴቶች "ወይኔ ልጄን፣ አሁን ገና ገባት!" እያሉ ሮጡ። አክስቷ ደርሰው አቀፏት። እኔ መኪናው ውስጥ ገባሁና "ንዳው" አልኩት።

ሰኞ ከቢሮ ስልክ ደወልኩ። "ልጅቷ እናቷ ሞተውባታል፤ አልሄድም ብላለች" አልኳቸው። ሴትዮዋ አዘኑ። የነጋዴውን ልጅ ስም ነገርኳቸው፤ ደብዳቤው በእሷ ስም መጣ። አዲስ አበባ ሄደች፤ ዛሬ የራሷ ተማሪዎች አሏት፤ በቴሌቪዥን ቀርባ "ሁሉን ያስተማረችኝ የፍኖተ ሰላሟ ቲቸር ናት" ስትል ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ ብዙ ልጆች ከእኔ መጋዘን ወጥተው አገር አዳርሰዋል። ቡድን ያቋቋመ፣ ትምህርት ቤት የከፈተ አለ። የምስክር ወረቀቴን የምሰቅልበት ግድግዳ ጠብቦኛል።

ያቺ ልጅ ግን ወደ መጋዘኑም ወደ ትምህርት ቤቱም አልተመለሰችም። አርባውን ስታወጣ አገባች ሲሉ ሰማሁ። እኔም ለራሴ ታሪክ ሠራሁ። ሐዘኗን በወጉ ትጨርስ ብዬ ነው፤ እንደ እኔ እንዳትሆን ብዬ ነው፤ ከዚያ ዓይነት ኑሮ ያዳንኳት እኔ ነኝ። ሲከፋኝ ይህንኑ እላለሁ። ውሸቴን ነው፤ ለእሷ ብዬ ያደረግሁት አንድም ነገር የለም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለአንድ በዓል ልጆች ይዤ ቡሬ ሄድኩ። የበርበሬ ነጋዴዎቹ ሰፈር በኩል ሳልፍ፣ ሴቶች ሻሽ አፋቸው ላይ አስረው በርበሬ ሲለቅሙ አየሁ። አንዷ ብድግ አለች። ቶሎ አልለየኋትም፤ ወፍራለች፣ ስትራመድ ቀኝ ጉልበቷን ትጎትታለች። ሻሿን ዝቅ ስታደርግ አወቅኳት። ልሸሽ ዞር ስል ደረሰችብኝ። አሁን ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅሁ። የቀላ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ዝቅ ብላ ትከሻዬን ሳመችኝ።

"ቲቸር፣ እንዴት ነዎት? ሁልጊዜ አነሳዎታለሁ እኮ።"

"ደህና ነኝ" አልኩ። "አንቺስ?"

"እግዜር ይመስገን። ሦስት ልጆች አሉኝ።" ዘወር ብላ ጓደኞቿን "ቲቸር ናቸው፣ የነገርኳችሁ" አለቻቸው። ከዚያ እጄን ሳትለቅ ጠጋ አለችኝ። "ያን ቀን ሌላ ሰው ቢሆን ሐዘንተኛ ናት ብሎ 'ይነገርሻል፣ ቆይ' እያለ ልቤን ያንጠለጥለው ነበር። እኔም መንገድ መንገድ እያየሁ እናቴን እንኳ በወጉ ሳላለቅስ እቀር ነበር። እርስዎ ግን ቁርጡን ነገሩኝ። እውነት ላይ ለሰው አያዳሉም። እግዜር ይስጥልኝ ቲቸር፤ ዕድሜ ይስጥዎ።"

ሴቶቹ ሁሉ እጃቸውን አቁመው ያዩኛል።

"አሜን" አልኳት።